ሞኒተሩ ሞተ ከማለታችሁ በፊት መብራቷን እዩ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። እዚህ ሰፈር መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነው የሚውለው፤ በመጣ ቁጥር ደግሞ አንዱ ስክሪን አልበራም ይላል። ጥገና ቤት ስንወስደው መልሱ ያው ነው፦ "ይሄ አልቆለታል፣ ሌላ ግዛ።" የአዲሱ ዋጋ ደግሞ አይቀመስም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ነገሩን ራሴ ተማርኩት።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከሞኒተሩ ግርጌ ካለችው ትንሽ መብራት ነው። ጭራሽ ካልበራች ችግሩ የኃይል ነው፦ ሶኬቱ፣ ገመዱ፣ አዳፕተሩ ወይም ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ (ለሞኒተሩ ኃይል የሚያቀርበው ክፍል)። ብርቱካናማ ከሆነች ወይም ቀስ እያለች ብልጭ ድርግም ካለች ሞኒተሩ አልሞተም፣ ተኝቷል። በሥራ ሰዓት የምታሳየውን ቀለም እያሳየች ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ አለ፣ እመጣበታለሁ። ቀለሙ እንደየሞዴሉ ስለሚለያይ ደህና በሚሠራበት ቀን አይታችሁ ያዙት።

አንድ ጠዋት መብራት እንደመጣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ "ጋሼ፣ ይሄኛውም ተቃጠለ መሰለኝ" አለችኝ። "ቆይ እስቲ፣ መብራቷ ምን ዓይነት ናት?" ብርቱካናማ ነበረች። የቪጂኤውን ገመድ፣ ማለትም ምስል ከኮምፒውተሩ ወደ ሞኒተሩ የሚያመጣውን፣ ነቅለን ወደ ብርሃን ይዘን አየነው። አንዷ እሾህ ወደ ጎን ተኝታለች። በወረንጦ ቀስ ብለን አቀናናት፣ ሰካነው፣ ሁለቱን ብሎኖች አጠበቅን፣ ምስሉ መጣ። እዚህ ላይ እንዳትደነግጡ፦ በብዙ የቪጂኤ ገመዶች ላይ ከ15ቱ እሾሆች 9ኛዋ ከፋብሪካም የለችም፣ ተሰብራ አይደለም።

ለምን እንዲህ ይሆናል? በዚያ ገመድ የሚመጣው ቀለም ብቻ አይደለም። ሁለት የጊዜ ምልክቶችም አብረው ይመጣሉ። አንዱ እያንዳንዱ መስመር የሚጀምርበትን፣ ሌላው እያንዳንዱ ምስል የሚጀምርበትን ይናገራል። ቬሳ የሚባለው የስክሪን አምራቾች ማኅበር በ1993 እንደ ፈረንጆቹ ባወጣው ደንብ መሠረት ኮምፒውተሩ ሞኒተሩን ማስተኛት ሲፈልግ እነዚህን ምልክቶች ያቆማል። የላላ ገመድም ምልክቱን ስለሚያቋርጥ ሞኒተሩ "ሲግናል የለም" ብሎ ትንሽ ቆይቶ ይተኛል። ስለዚህ ብርቱካናማ ካያችሁ ሞኒተሩን ትታችሁ ገመዱንና ኮምፒውተሩን ፈትሹ። በሞኒተሩ ሜኑ የተመረጠው መግቢያም ኤችዲኤምአይ ይሁን ቪጂኤ እዩት። ዊንዶውስ ከሆነ የዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ ቁልፎችን አንድ ላይ መጫን የግራፊክሱን ድራይቨር (ምስል የሚያወጣውን ክፍል የሚያዘውን ፕሮግራም) እንደገና ያስነሳዋል፣ እኛን ብዙ ጊዜ አውጥቶናል።

"አውት ኦፍ ሬንጅ" የሚል ጽሑፍ ከመጣ ደግሞ ሲግናሉ አለ፣ ግን ሞኒተሩ ከሚችለው በላይ ነው። ሪዞሉሽኑን (የምስሉን የነጥብ ብዛት) ቀይራችሁ ከሆነ ምንም አትንኩ፤ ዊንዶውስ ማረጋገጫ ካላገኘ በ15 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ካልሆነ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በመሠረታዊ ነገሮች ብቻ በሚነሳበት ሁኔታ) ገብታችሁ ዝቅ አድርጉት። ስክሪኑ የተሠራበትን ሪዞሉሽን መጠቀም ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች የግድ ነው። በ1920 በ1080 የተሠራውን በ1366 በ768 ስታስኬዱት ፊደሉ ይደበዝዛል፤ ሱ እና ሲ የሚለዩት በአንዲት ቅንጣት ሰረዝ ነው፣ ያቺ ከጠፋች የሰው ስም በማመልከቻ ላይ ይበላሻል።

አሁን ወደ ጥቁሩ ስክሪን። ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት በሰያፍ አብሩበት። ፊደሎች በደብዛዛው ከታዩ ምስሉ አለ፣ የጠፋው ከኋላ ያለው ብርሃን፣ ጠጋኞች ባክላይት የሚሉት ነው። በርቶ ከሁለት ሰከንድ በኋላ የሚጠፋ ከሆነም ጥርጣሬው ወደ ባክላይቱና ወደ ፓወር ሰፕላዩ ነው። በቆዩ ሞኒተሮች ላይ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ክፍሎች) ይገኛሉ፣ እነሱን መቀየር ደግሞ አዲስ ከመግዛት በጣም ይረክሳል። ግን እባካችሁ ራሳችሁ አትክፈቱት። የ220 ቮልቱ መስመር ውስጥ ገብቶ ወደ 310 ቮልት ይደርሳል፣ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። ለባለሙያ ስትሰጡት ያያችሁትን ንገሩት፣ ፍተሻው ያጥርለታል።

መብራት ሲጠፋ የምንሠራው በባትሪና ኢንቨርተር ስለሆነ ቁጠባው እኛን በቀጥታ ይነካናል። ኤልሲዲ ላይ አብዛኛውን ኃይል የሚበላው ባክላይቱ ነው። ጥቁር ስክሪን ሴቨር ማድረግ ምንም ያህል አይቆጥብም፣ ከኋላ ያለው ብርሃን እንደበራ ነው። የእኛን ባለ 22 ኢንች በዋት መለኪያ ስናየው ብራይትነሱ መቶ ላይ ሲሆን 24 ዋት፣ 40 ላይ ሲሆን 14 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ሲተኛ ከግማሽ ዋት በታች ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንዲተኛ አድርጌዋለሁ። ኢኮ የሚለው ሞድም ቢሆን በዋናነት ብራይትነስ ይቀንሳል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ብራይትነሱን በጣም ስትቀንሱ ግን ዓይናችሁን ካመማችሁ፣ ነጭ ገጽ ከፍታችሁ በስልካችሁ ስሎው ሞሽን ቅረጹት። ጥቁር መስመሮች ሲሄዱ ካያችሁ ሞኒተሩ ብርሃን የሚቀንሰው እያበራ እያጠፋ ነው ማለት ነው። ከፍ አድርጉት፤ እኛ 40 ላይ ያቆምነውም በዚህ ምክንያት ነው።