ከውሃው በታች ያለው ቁጥር

ለአንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ የአፈር ምርመራ እያካሄድን ነበር። የመጀመሪያው ጉድጓድ ውጤት ቢሮ ሲደርስ የሁላችንም ዓይን አንድ ቦታ ላይ አረፈ። እስከ አራት ሜትር ድረስ የአፈሩን ጥንካሬ የሚያሳዩት ቁጥሮች 14፣ 16 እያሉ መጡ። ከዚያ በድንገት 4፣ 3፣ 5 ሆኑ። አሸዋው ግን ያው አሸዋ ነው፤ ቀለሙም የቅንጣቱ መጠንም አልተለወጠም።

ቁጥሮቹ የመጡበት ሙከራ ኤስፒቲ (ስታንዳርድ ፔኔትሬሽን ቴስት) የሚባለው ነው። 63.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ፣ ከዘንጉ ጫፍ ያለውን የናሙና ቱቦ 45 ሴንቲ ሜትር ወደ አፈሩ ያስገባል። ምቱ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ይቆጠራል። የመጀመሪያው 15 አይታሰብም፤ የጉድጓዱ ወለል በቁፋሮው ተረብሿልና። የቀሩት የሁለቱ ድምር ነው ኤን የሚባለው። አሸዋ ላይ ከ10 በታች ከሆነ ልል፣ ከ10 እስከ 30 ከሆነ መካከለኛ ይባላል።

የስትራክቸር መሐንዲሱ ወረቀቱን አይቶ «በዚህ ላይ ፉቲንግ አላስቀምጥም፤ ፓይል ነው የሚያስፈልገው» አለ። ፉቲንግ ብዙ ሳይጠልቅ ዓምዱን የሚሸከም ሰፊ የመሠረት እግር ነው፤ ፓይል ደግሞ ወደ ጥልቅ አፈር የሚወርድ ረጅም የመሠረት ምሰሶ። ቁጥሩ ትክክል ከሆነ እውነቱን ነው። እኔን ያላስተኛኝ ሌላ ነገር ነበር። ቁጥሩ የወረደው ልክ የከርሰ ምድር ውሃ ከተገኘበት ጥልቀት ጀምሮ ነው።

ሳይት ሄድኩና የቁፋሮ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱትን አንጋፋ ባለሙያ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ዘንጉን ስታወጡ የጉድጓዱ ውሃ እንዴት ይሆናል?»

«ይወርዳላ! መልሰን ስናስገባ ደግሞ ዘንጉ ታች አይደርስም። ግማሽ ሜትር ያህል አሸዋ ወደ ላይ ተነስቶ ይጠብቀናል።»

«ታዲያ ለምን አልተጻፈም?»

«ለሚመዘግበው ልጅ ነግሬዋለሁ። ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም አለኝ።»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነበር። ዘንጉ ቶሎ ሲወጣ የጉድጓዱ ውሃ ከውጪው የከርሰ ምድር ውሃ በታች ይወርዳል። የውጪው ውሃ ታች በኩል ገፍቶ ይገባል፤ አሸዋውንም ፈትቶ ይዞት ይነሳል። ከዚያ በኋላ መዶሻው የሚመታው እኛ ራሳችን የፈታነውን አሸዋ ነው። ሕንፃው የሚቀመጥበት አሸዋ ግን ማንም ያልነካው ነው።

ጥቂት ሜትር ራቅ ብለን እንደገና አስቆፈርን። የጉድጓዱን ግድግዳ የሚደግፈው የብረት ቱቦ፣ ኬሲንግ፣ ገባ፤ ጉድጓዱ ሁልጊዜ ከከርሰ ምድር ውሃው ከፍታ በላይ ቤንቶናይት በሚባል የሸክላ ዓይነት በተበጠበጠ ቀጭን ጭቃ ተሞልቶ ቆየ። ዘንጉ በቀስታ ወጣ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊትም የጉድጓዱ ወለል ተለካ። በነዚያው ጥልቀቶች 15፣ 18፣ 17 መጣ። የፓይሉ ወሬ በዚያው ቆመ።

ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። እውነቱን የሚያውቀው ሰው ሳይት ላይ ነበር፤ ተናግሯልም። ወረቀቱ ግን ቁጥር ብቻ ነበር የሚቀበለው። ተቃራኒውም ያጋጥማል። ጠጠር የቱቦውን አፍ ሲዘጋው ኤን ያለ አግባብ ይጨምራል። ያኔ ደካማ አፈር ጠንካራ መስሎ ያልፋል፤ እኔ የበለጠ የምፈራው ይህንን ነው። እሱንም ቢሆን ቀድሞ የሚያየው ቱቦውን የሚከፍተው ሰው ነው።

ፎርሙ ላይ ሁለት ዓምድ ጨመርን፦ ከምቱ በፊት የነበረው የውሃ ከፍታና የተለካው የወለል ጥልቀት። ሌሎቹ ጉድጓዶችም በአዲሱ መንገድ ተደገሙ። በአንደኛው ጥግ አምስት ሜትር ላይ፣ ውሃው ሞልቶ ወለሉም ሳይነሳ፣ 6 መጣ። ይኼኛው እውነተኛ ልል አሸዋ ነው። ስለዚህ የመስመጥ መጠኑ ለብቻው ተሰልቶ የዚያ ጥግ ፉቲንጎች ሰፋ ተደርገው ተሠሩ።