ለኢዛና የጻፈው ንጉሥ የት ተቀበረ?

የሮማና የቢዛንታይን ነገሥታት የት ተወልደው፣ የት ሞተው፣ የት እንደተቀበሩ ለመመዝገብ ያነሣሣኝ አንድ ደብዳቤ ነው። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቆስጠንጥዮስ በ356 ገደማ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለኢዛናና ለሳይዛና ጽፎ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ፍሬምናጦስ እምነቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ እንዲላክ ጠይቆ ነበር። ደብዳቤው ለዛሬ የደረሰው የንጉሡ ተቃዋሚ ቅዱስ አትናቴዎስ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ስለገለበጠው ነው። ጸሐፊው የት ተወልዶ፣ የት ሞቶ፣ የት እንደተቀበረ ለማወቅ ብዬ የጀመርሁት ፍለጋ ከአውግስጦስ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው የቢዛንታይን ንጉሥ ድረስ ወሰደኝ።

መጀመሪያ ደብተር ላይ አራት ዓምድ አስምሬ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የሞት ቦታና መቃብር ብዬ፣ ከአንድ ተዘጋጅቶ ካገኘሁት ዝርዝር መገልበጥ ጀመርሁ። ከመጀመሪያው መስመር ላይ ተሳሳትሁ። ቆስጠንጥዮስ በብሪታንያ፣ ዮርክ ላይ እንደሞተ ጻፍሁ፤ በዚያ በ306 የሞተው ግን የታላቁ ቆስጠንጢኖስ አባት ቀዳማዊ ቆስጠንጥዮስ፣ ማለትም የደብዳቤው ጸሐፊ አያት ነው። ንጉሡን ደብዳቤውን ከመጻፉ ሃምሳ ዓመት አስቀድሜ ገድዬው ነበር ማለት ነው። የልጅ ልጁ በ317 በሲርምዩም፣ በዛሬዋ ሰርቢያ ተወልዶ በ361 በኪልቅያ ሞፕሱክሬኔ በምትባል ቦታ በንዳድ ሞተ። በዚያ ቤተሰብ የአባት፣ የልጅና የወንድም ስም እጅግ ስለሚቀራረብ፣ ከዚያ ወዲህ የአባቱን ስምና የነገሠበትን ዘመን ሳልጽፍ ለማንም ንጉሥ ቦታ አልሞላሁም።

ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘን ያስተማረኝ የቄሣሮቹን ታሪክ የጻፈው ጥንታዊው ሱኤቶንዩስ ነው። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ የት ተወለደ በሚለው ላይ ጥንትም ክርክር ነበር። ጌቱሊኩስ የሚባል ጸሐፊ በቲቡር ከተማ ነው ሲል፣ ሌላው ጸሐፊ ታላቁ ፕሊንዩስ ደግሞ በትሬቬሪ ሕዝብ አገር ነው ብሎ፣ ለእናቱ ለአግሪፒና መውለድ መታሰቢያ ተብለው የተቀረጹ መሠዊያዎችን በማስረጃነት ያቀርባል። ሱኤቶንዩስ ሁለቱንም ይመረምራል። ጌቱሊኩስ ለጀግናው ለሄርኩሊስ የተቀደሰውን ከተማ፣ ቲቡርን፣ የመረጠው ወጣቱን ገዥ ለማወደስ ነው ይላል። አግሪፒና በዚያ አካባቢ ሴቶች ልጆች ስለወለደችና የተቀረጸው ቃል ለወንድም ለሴትም ልደት ስለሚያገለግል መሠዊያዎቹ የካሊጉላን ልደት እንደማያረጋግጡ ያሳያል፤ አባቱም ወደ ጀርመን ምድር የተላከው ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ነው። በዚህ ላይ አውግስጦስ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሕፃኑን ወደ እናቱ ስለመላኩ የጻፈውን ደብዳቤ ይጠቅስና፣ በመንግሥት መዝገብ ያገኘውን፣ በአንትዩም ከተማ ተወለደ የሚለውን ያጸናል። ይህን ደጋግሜ ካነበብሁ በኋላ በደብተሬ ላይ አምስተኛ ዓምድ ጨመርሁ፤ ርእሱም «ማን መሰከረ» የሚል ነው። ብዙ መስመሮችን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና የሠራሁት በዚህ ዓምድ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ያስቸገረኝ መቃብር ነው፤ አንድ ንጉሥ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀበራል ብዬ ማሰቤ ስሕተት ነበር። ሃድሪያን በ138 በባያ ሞቶ መጀመሪያ በፑቴዎሊ ተቀበረ፤ ኋላ ሮም ውስጥ ራሱ ወዳሠራው ታላቅ መቃብር ተዛወረ። ለቢዛንታይን ነገሥታት ደግሞ ያ ዝርዝር በጅምላ «ቁስጥንጥንያ፣ ቅዱሳን ሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን» ስለሚል፣ በ1025 የሞተውን ዳግማዊ ባሲልዮስንም እዚያው አስገብቼው ነበር። እርሱ ግን ከከተማዋ ቅጥር ውጭ ሄብዶሞን በሚባል ስፍራ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን መቀበርን መርጦ ነበር፤ በ1260 አስከሬኑ በፈረሰው ሕንፃ ውስጥ፣ አፉ ላይ የእረኛ ዋሽንት ተሰክቶበት ተገኝቶ ወደ ሴሊምብርያ ከተማ ተወሰደ። ይህን ባነበብሁበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሐዋርያት ቤተ ክርስቲያንን ሄዶ መመልከት አይቻልም። በ1204 የመስቀል ጦረኞች መቃብሮቹን ዘረፉ፤ ከ1453 በኋላም ሕንፃው ፈርሶ በቦታው የፋቲህ መስጊድ ተሠራ። የቀረን ዋና ምስክር በአሥረኛው ክፍለ ዘመን በቆስጠንጢኖስ ሰባተኛ ዘመን የተጻፈው የመቃብሮቹ ዝርዝር ነው። በጦር ሜዳ ወድቀው ለጠፉት ለዴቅዮስና ለቫሌንስ ግን በደብተሬ ላይ የመቃብሩን ዓምድ ባዶ አልተውሁትም፤ «አስከሬኑ አልተገኘም» ብዬ ምስክሩን ጻፍሁበት።

የከሐዲው ዑልያኖስ መስመር ከሁሉ ረጅሙ ሆነ። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ በጦር ሲወጋው ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። በ363 ንጉሡ በፋርስ ዘመቻ ተወግቶ ሲሞት አብሮት የነበረው የታሪክ ጸሐፊ አሚያኑስ ጦሩን የወረወረው ማን እንደሆነ እንዳልታወቀ ጽፏል፤ በአንጻሩ የንጉሡ ወዳጅ ሊባንዮስ ኋላ ክርስቲያኖችን ከሷል። ሁለቱንም ከሥዕሉ ትውፊት ጋር ለየብቻ መዘገብሁ። የተቀበረው በጠርሴስ ነው፤ የአሥረኛው ክፍለ ዘመን ዝርዝር ግን መቃብሩን በቁስጥንጥንያ፣ በቅዱሳን ሐዋርያት ያስቀምጠዋል። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀብርና ፍልሰት ብዬ ዓምዱን ለሁለት ከፈልሁት።

በዚሁ አሚያኑስ ዘንድ የጀመርሁበትን ሰው መጨረሻ አገኘሁ። የቆስጠንጥዮስን አስከሬን ከኪልቅያ ወደ ቁስጥንጥንያ አጅቦ የወሰደው ዮቪያኖስ የሚባል መኰንን ነበር። ዑልያኖስ ሲሞት ይኸው ሰው ነገሠ፤ በጠርሴስ ያለው የዑልያኖስ መቃብር እንዲያምርም አዘዘ። በየካቲት 364፣ ከነገሠ ስምንት ወር ሳይሞላው፣ ወደ ቁስጥንጥንያ ሲመለስ ዳዳስታና ላይ ሞተ፤ አስከሬኑም ቆስጠንጥዮስን አጅቦ ወደ ወሰደበት ወደ ሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን ተወሰደ።