ቡፌው ውስጥ ያለው ወፍጮ

እማዬ የእህቴን ሰርግ ሳታይ አትተኛም። ጥር ላይ ደግሰን ከዳርናት ወዲህ ማታ ማታ ቡናው ካለቀ በኋላ ቪዲዮው ይከፈታል። አንድ ቀን ሙሽራው ሊገባ ሲል ምስሉ ቆመና መሃሉ ላይ ክቧ መዞር ጀመረች። እማዬ ጆሮዋን ወደ ቡፌው አዘንብላ፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ጤፍ ይፈጫል እንዴ?» አለችኝ።

ቡፌው ውስጥ ያለው ፒያሳ ካለ ሱቅ የገዛሁት ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ5-6500፣ ባለ 4 ኮር። በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ ጭኜበት፣ ጄሊፊን በሚባል ፕሮግራም ፊልምና የቤተሰብ ቪዲዮ ለቲቪውና ለስልኮቻችን ያድላል። ጄሊፊንን የመረጥኩት ሁሉ ነገሩ ነፃ ስለሆነ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ኤምቢ ከሚባለው ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ ነው። ሌሎቹ ጠቃሚዋን ነገር በዶላር ካርድ ክፈል ይላሉ፤ ዶላር ካርድ ከየት ይመጣል?

ጎንደር ማታ ብርድ ነው። እኛ ጋቢ ተከናንበን ኮምፒውተሩ 84 ዲግሪ ያሳያል።

መጀመሪያ አቧራ ነው አልኩ። ከፈትኩት፤ እውነትም ማራገቢያው ላይ ጥጥ የሚያህል አቧራ ነበር። ጠርጌ የፕሮሰሰሩን ፓስታ፣ ማለትም ሙቀቱን የሚያስተላልፈውን ቅባት፣ ቀየርኩ። ሙቀቱ ወደ 73 ወረደ፣ ቪዲዮው ግን አሁንም ይቆማል። ፕሮሰሰሩ ያው 100 በመቶ ላይ ነው። የሱቁን ልጅ ስጠይቀው «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አድርገው» አለኝ። እኛ አገር ፎርማት የማያድነው በሽታ የለም። እኔም ፍላሹን አዘጋጅቼ ነበር።

ያዳነኝ እንቅልፍ እንቢ ያለኝ ሌሊት ነው። ሰርጉን ከፍቼ በላፕቶፕ ወደ ሰርቨሩ (ቡፌው ውስጥ ወዳለው ኮምፒውተር) ገባሁና የትኛው ሥራ ፕሮሰሰሩን እንደያዘ የሚያሳየውን ኤችቶፕን አስነሣሁ። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባል ሥራ ከላይ ተቀምጦ 391 በመቶ ይላል። ደነገጥኩ፤ ከመቶ በላይ እንዴት ይኬዳል? ለካ እያንዳንዱ ኮር (የፕሮሰሰሩ አንድ የማስሊያ ክፍል) ለብቻው መቶ ስለሚቆጠር የባለ 4 ኮር ጣሪያ 400 ነው። ቫይረስም አልነበረም። ቪዲዮውን እየፈታ እንደገና የሚያሽገው የራሱ የጄሊፊን ሠራተኛ ነው፤ ትራንስኮድ የሚሉት።

ጄሊፊን ለእያንዳንዱ ትራንስኮድ የተለየ ሎግ፣ ማለትም የሥራ መዝገብ፣ ይጽፋል። መጀመሪያውኑ እሱን ብከፍት ኖሮ ፓስታውን ባልነካሁ። ሁለት ነገር አገኘሁበት። አንደኛ፣ ፍጥነቱ 0.6 ይላል፤ የ1 ሰከንድ ቪዲዮ ለማዘጋጀት ከ1 ሰከንድ ተኩል በላይ ይፈጅበታል ማለት ነው። ከ1 በታች ከሆነ ቲቪው ቆሞ መጠበቁ አይቀርም። ሁለተኛ፣ ምስሉን የሚያሽገው ሊብኤክስ264 ነው፤ ሥራው ሁሉ ያለ ግራፊክሱ እገዛ በፕሮሰሰሩ ብቻ ይካሄዳል።

ኢንቴል ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሠራቸው ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ኩዊክ ሲንክ የሚባል ለዚሁ ሥራ የተለየ ክፍል አለ። የእኔው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ግን ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ከጄሊፊን ማስተካከያ ውስጥ አበራሁት፤ ቪዲዮ የሚባል ነገር ጨርሶ እንቢ አለ። ምክንያቱ ፈቃድ ነበር፦ ጄሊፊን የሚሠራበት ተጠቃሚ ሬንደር የሚባለው ቡድን ውስጥ ስላልነበረ ግራፊክሱን መንካት አይችልም። አስገባሁትና አገልግሎቱን እንደገና አስነሣሁ። ድሮ ፕሮሰሰሩን የሚያንበረክኩት ፊልሞች ወደ 15 በመቶ ወረዱ።

ሰርጉ ግን ያው ነው።

ሰርጉን የቀረጸው ከውጭ የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው፣ በአዲስ አይፎን። 4ኬ፣ ኤችዲአር (ቀለሙና ብርሃኑ ከተራው የሰፋ)፣ 10 ቢት (ቀለሙ ከተለመደው 8 ቢት ይበልጥ የተዘረዘረ)፣ ኤችኢቪሲ (ቪዲዮን አጥብቆ የሚያሽግ አዲስ ስልት)። አሮጌው ቲቪያችን ኤችኢቪሲ አያውቅም፤ የእኔ 6ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ደግሞ ባለ 8 ቢቱን እንጂ ባለ 10 ቢቱን በሃርድዌር ሙሉ በሙሉ አይፈታም። እሱ በ7ኛው ትውልድ የመጣ ነው። ይህን ሳውቅ አዲስ ኮምፒውተር ልገዛ አሰብኩ፤ ዋጋ ጠየቅኩና ተውኩት።

ሌላው ጥፋት የራሴ ነው። ውጭ ያደጉት የአክስቴ ልጆች የተመኙላትን ምርቃት በእንግሊዝኛ ስለተናገሩ፣ ለእማዬ ብዬ የአማርኛ ሰብታይትል ጽፌ ነበር። ቲቪው ፊደላችንን ስለማያውቅ በፊደል ፋንታ ባዶ ካሬ ደረደረ። እኔም ሰብታይትሉን ሁልጊዜ ምስሉ ላይ አትም የሚለውን ምርጫ አብርቼ ረሳሁት። ጽሑፍ ምስል ላይ ለማተም ምስሉን ፈትቶ እንደገና ማሸግ ግድ ነው፤ ስለዚህ ቲቪው እንዳለ ሊያጫውተው የሚችለው ፊልም ሁሉ ሰብታይትል ስላለው ብቻ ትራንስኮድ ይደረግ ነበር።

በመጨረሻ ያደረግኩት ቀላል ነው፦ ማታ ማታ የሚደረገውን ሥራ አንዴ አድርጎ መገላገል። ሰርጉን ወደ 1080ፒ፣ 8 ቢት ኤች264 (ቲቪያችን ወደሚያውቀው የድሮው ስልት) ልቀይረው፣ ሰብታይትሉንም እዚያው ላይ ላትም። የመጀመሪያው ሙከራ የእህቴን ቀሚስ ጥለት አመድ አስመሰለው። ቶን ማፒንግ፣ ማለትም የኤችዲአርን ቀለም ወደ ተራው መመለስ፣ ዘልዬ ነበር። ሁለተኛው 4 ሰዓት ሊሞላው ሲል መብራት ጠፋ። ኤምፒ4 የሚባለው የፋይል ዓይነት ማውጫውን የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ከዚያ ሁሉ ሰዓት የተረፈ የሚከፈት ፋይል የለም። ሦስተኛውን በ10 በ10 ደቂቃ ከፋፍዬ ኤምኬቪ በሚባለው ሌላ የፋይል ዓይነት ሠራሁት፤ መብራት ቢሄድ የሚጠፋው አንዱ ቁራጭ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ገጣጠምኳቸው። ሰርቨሩ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የፊደላችንን ፎንት አስቀድሜ ባልጭን ኖሮ የታተመውም ጽሑፍ ካሬ ይሆን ነበር።

አሁን ሰርጉ ሲከፈት ፕሮሰሰሩ 3 በመቶ ነው።

አንዲት ነገር ቀርታ ነበር። እማዬ ኪዳን ለማድረስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስትነሣ «ወፍጮው ተነሣ» ትላለች። ጄሊፊን ከየቪዲዮው ምዕራፍ ምስል የሚያወጣበት ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሆኖ ተቀምጧል፤ ሰርቨሩ ደግሞ በእኛ ሳይሆን በዩቲሲ፣ ማለትም ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት፣ ስለሚሄድ 3 ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል። ሰዓቱን አስተካከልኩ፣ ምስል ማውጣቱንም አጠፋሁት፤ የሚያየው ሰው የለም።

ለአክስቴ ልጅ ከካሜራው ማስተካከያ ኤችዲአርን እንዲያጠፋ፣ ፎርማቱንም በብዙ መሣሪያ ወደሚከፈተው እንዲቀይር ነገርኩት። «እሺ» አለ። የልጁ ክርስትና ቪዲዮ በዚህ ሳምንት መጣ፤ 4ኬ፣ 10 ቢት፣ 61 ደቂቃ። ዛሬ ማታ መብራት ካለ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁራጮች አስገባለሁ።