በቅሎ በሚለው ሙላው

ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር፤ እንግዳም እንደ ልብ ይመጣል። የጎንደር አስጎብኚ ሁሉ የሚሠራው ደግሞ ያንኑ ነው። ጠዋት ፋሲል ግቢ፣ ቀጥሎ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከሰዓት ቁስቋም፣ በማግስቱ ወደ ደባርቅ ጉዞ። አለቃችን አዲስ ነገር አማራቸው። የሳይክል ጉዞ፣ እስከ ኮሶዬ፣ የቀን ደርሶ መልስ።

"መንገዱን አጥናና ሪፖርት አምጣ" አሉኝ። መኪኖቹ በሙሉ ስሜን ናቸው። ስለዚህ ጥናቱም በሳይክል ይሁን ተባለ፤ ብቻዬን።

"ዳገቱስ?" አልኳቸው።

"30 ኪሎ ሜትር ምን አላት? በመኪና እኮ ወሬ ሳይጨረስ ይደረሳል።"

እሳቸው ኮሶዬ የሚሄዱት ጋቢና ተቀምጠው፣ መስኮት ዘግተው ነው። ያን ዕለት ይህን አላልኩም። አሁን አልኩት።

ቅዳሜ ነው፤ መስከረም ሊያልቅ ሲል። ጎንደር ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮሶዬ ከእሷም ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እስከ ወለቃ ያለው ጨዋታ ነው። መንገድ ዳር የተደረደሩትን የሸክላ አንበሶች እያየሁ፣ እያፏጨሁ አለፍኩ። ወለቃን ሲያልፉ ፉጨት የለም። አንዱን ጠመዝማዛ ጨርሰህ "በቃ ወጣሁት" ስትል ሌላው ከላይ ቁልቁል ያይሃል። ማርሹ የመጨረሻው ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀየር የለም። ገበያተኛው ወደ ጎንደር ይወርዳል፣ እኔ እወጣለሁ። እንጨት የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውታል። ከኋላ ደግሞ አይሱዙ ጥሩምባውን ያስጮህብኛል።

ልጆች ሄልሜቴን ከሩቅ አይተው "ፈረንጅ! ፈረንጅ!" እያሉ ሮጡ። ቀረብ ሲሉ አንዷ ቆም ብላ አየችኝና "ውይ፣ አበሻ ነው!" አለች። ከልቧ ነው ያዘነችው። አንዱ ግን ከኋላ ይዞ ይገፋኝ ጀመር። ተው አላልኩትም።

የማልረሳው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው በዳገቱ ይሄዳሉ። እኔ ሳይክል ላይ ነኝ፣ እሳቸው በእግራቸው። ጎን ለጎን ነን።

"እንደምን አረፈድህ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን አባቴ።"

ትንሽ ሄድን። ላቤን አዩት፤ ፔዳሉን አዩት።

"ተቀጥተህ ነው ልጄ?"

"ኧረ ሥራ ነው አባቴ።"

"ይከፈልሃል?"

"አዎ።"

"ተዚያማ በርታ" አሉኝና ቀድመውኝ ሄዱ።

ኮሶዬ ደረስኩ። ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ቆላውን ማየት፣ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ መስማት፣ ይህን ሁሉ ሪፖርቱ ላይ ግማሽ ገጽ ጽፌበታለሁ፤ እዚህ አልደግመውም። ሽሮ በላሁ። ሽሮዋን የሠራችው ሴትዮ ደረሰኝ ስጠይቃት ሳቀች። ቁልቁለቱ ደስ ይላል፤ ብቻ ፍሬኑ መሽተት ጀመረ። ወለቃ ልገባ ስል የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። የውስጡ ከመነዳሪ ለመለጠፍ እንኳን በማይሆን ቦታ ነው የተቀደደው፣ አየር የሚሞላበት ጋ። እየገፋሁ ከተማ ገባሁ፤ ከመለዋወጫ ሱቅ አዲስ ገዛሁ። ሱቁ ደረሰኝ ቆረጠልኝ። የዕለቱ ብቸኛ ሕጋዊ ወረቀቴ እሱ ነው።

ሰኞ ሒሳብ ክፍል ገባሁ። ጋሼ ጡረታ የደረሱ ሰው ናቸው። የማወራረጃ ቅጹን አወጡና መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"የሰሌዳ ቁጥር?"

"ሳይክል ነው ጋሼ።"

"ሳይክል መሆኑን አጣሁት? ሰሌዳውን ነው ያልኩህ።"

"ሰሌዳ የለውም።"

በእርሳስ ሰረዝ አደረጉ። "መነሻ ኪሎ ሜትር?"

"አይቆጥርም።"

"ነዳጅ?"

"አይጠጣም።"

እርሳሱን አስቀመጡ። "ታዲያ ምን ወጪ አለውና ነው የመጣኸው?"

"ጉልበቴስ?"

"ጉልበት የሚባል የሒሳብ መደብ የለንም።"

አበሉም ያው ሆነ። እኛ ቤት አበል በመቶኛ ነው የሚሰላው፤ ቁርስ 10፣ ምሳ 25፣ እራት 25፣ አልጋ 40። ጋሼ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልኝ። አላደርክም፣ አልጋ ይውጣ። እራት ቤትህ ገባህ። ቁርስም ቤትህ በልተህ ነው የወጣኸው። ያ ሁሉ ዳገት ተጣርቶ 25 በመቶ ሆነ። ሽማግሌው "ይከፈልሃል?" ሲሉኝ አፌን ሞልቼ አዎ ማለቴ ትዝ አለኝ።

ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ ጋሼ በሩን ገርበብ አድርገው ሌላ ቅጽ ከመሳቢያ መዘዙ። ይህን ቅጽ የእኛ ሰፈር ሰው ያውቀዋል። ስሜን ላይ በቅሎ ሲከራዩ ባለበቅሎው ደረሰኝ ከየት ያመጣል? ይፈርማል፣ ካልሆነም በጣቱ ያትማል፣ ይከፈለዋል።

"በቅሎ በሚለው ሙላው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ጋሼ፣ በቅሎ እኮ አልነበረም።"

"የወጣኸው ተጭነህ ነው አይደል? አንድ በቅሎ፣ አንድ ቀን። ዋጋው የታወቀ ነው። ነጂው አንተ ነህ፤ ፈርም።"

ለእግሬ ስል አልኩ። ያን ቀን ገና የቢሮውን ደረጃ መውጣት ተስኖት ነበር። ፈረምኩ። ጋሼ ደረሰኜን ከኋላ በስቴፕለር አያያዙት። "ሕጋዊ ወረቀትማ አይጣልም" አሉ።

ሪፖርቴ ላይ "እንግዶችን በመኪና ማውጣት፣ ከኮሶዬ በሳይክል ማውረድ ይሻላል" ብዬ ነበር። አለቃችን "ይሄ ምኑ ስፖርት ነው?" ብለው ሰረዙት። ፕሮግራሙ "ቀላል፣ ለሁሉም ዕድሜ" ተብሎ ታተመ። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ከወለቃ ብዙም ሳይርቁ መኪና አስጠሩ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ኦዲተር መጣ። ወጣት ልጅ ነው፣ ጠንቃቃ። የበቅሎውን ቅጽ አየ፣ ፊርማዬን አየ፣ ራይት አደረገ። ኮሶዬ ለምን በቅሎ እንዳስፈለገ አልጠየቀም። ገጹን ሊገልጥ ሲል ከኋላ የተያያዘችውን ደረሰኝ አያት። ወደ ብርሃኑ ጠጋ አደረጋት።

"ከመነዳሪ፣ አንድ ፍሬ" ብሎ አነበበ። ቀና ብሎ ጋሼን አየ፣ እኔን አየ። "ይቺ በቅሎ ጎማ አላት እንዴ?"

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ጠረጉት፣ ጠረጉት። እኔም መስኮት መስኮቱን አየሁ።

የበቅሎ ኪራዩ ጸደቀ። የከመነዳሪው ሒሳብ ከደመወዜ ተቆረጠ።