የእናታችን መቁጠሪያ

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ኮዬ ፈጬ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ጋሼ ካቶሊክነቱን ትቶ የወንጌል አማኝ ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አራተኛ ፎቅ ደርሼ ላቤን ልጠርግ መሀረብ ስስብ የእናታችን መቁጠሪያ ወለሉ ላይ ዱብ አለ።

«አሁንም ትቆጥራለህ?» አለኝ።

እኔም አላረፍኩም። እ.ኤ.አ. በ1999 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ጀርመን አገር፣ አውግስበርግ ከተማ ላይ ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ መፈረማቸውን ጠቀስኩ፤ ሰው በሥራው ሳይሆን በክርስቶስ በማመን፣ በጸጋ ብቻ ተቀባይነት እንደሚያገኝ አብረው መስክረዋል። የአገራችን የሉተራን ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም የፌዴሬሽኑ አባል ናት።

ጋሼ ሳቀ። «የእኔ ቤተ ክርስቲያን መቼ ፈረመች? ደግሞ እመቤታችንን ለምኚልን ማለታችሁስ? ጳጳሱስ?»

እዚህ ላይ አፌን ያዘኝ። እኔ አንድነት ስል በሮም መንበር ዙሪያ መሰብሰብን ነው የማስበው፤ እሱ ደግሞ ዳግም የተወለደ ሁሉ አሁኑኑ አንድ ነው ባይ ነው። ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት። (ድምፃችን ከፍ ማለቱን ያወቅነው ጎረቤት በር ሲከፍት ነው።)

ሽሮው ቀረበ። ጋሼ ጸለየ፣ አስረዘመው፤ ሽሮው መንተክተኩን አቆመ። እኔ አማተብኩ። እስክጨርስ እንጀራውን አልቆረሰም።