ብድር ካሳ አይደለም

የሰው አጥር ያፈረሰ ይክሳል። ሽማግሌ ፊት ቀርቦ "ካሳ አልከፍልም፣ ግን ላበድረው እችላለሁ" ቢል ማን ይሰማዋል? በአየር ንብረት ጉዳይ ግን እየሆነ ያለው ይሄው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ሀብታም አገሮች ለድሃ አገሮች የምናቀርበውን ገንዘብ በ2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናደርሳለን ብለው ቃል ገቡ። ያኔ አፍሪካን ወክለው የተደራደሩት የእኛው መለስ ዜናዊ ነበሩ። ገንዘቡ የሞላው በ2022 ነው፣ ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣ ያውም አብዛኛው በብድር መልክ።

በዚያው ዓመት ፓኪስታን በጎርፍ ተጥለቀለቀች። 33 ሚሊዮን ሰው ተጎዳ፣ ከ1,700 በላይ ሞተ፣ ጉዳቱና ኪሳራው ተደምሮ ወደ 30 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። አገሪቱ ከዓለም የካርቦን ልቀት ያላት ድርሻ ግን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም! ከጎርፉ በኋላ ግብፅ ሻርም ኤል ሼክ ላይ በተካሄደው ጉባኤ አገሮች የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ፣ ማለትም የአየር ንብረት ለውጥ የጎዳቸውን አገሮች የሚረዳ ፈንድ፣ እንዲቋቋም ተስማሙ። በዓመቱ ዱባይ ላይ መዋጮው ሲጀመር፣ በታሪክ ከማንም በላይ የበከለችው አሜሪካ ቃል የገባችው 17.5 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የፓኪስታን ክፍለ ሀገር በሆነችው ሲንድ ውስጥ ቤቱንና ሰብሉን ጎርፍ የወሰደበት ገበሬ ምን አጥፍቶ ነው አገሩ ለመልሶ ግንባታው ወለድ የምትከፍለው?