አንድን ካርታ ሁለቴ የሠራሁበት ምክንያት

1,800 አድራሻ ያለበት የኤክሴል ፋይል ተሰጠኝ። ሥራው ቀላል መሰለኝ። አድራሻዎቹን ወደ ኬክሮስና ኬንትሮስ ቀይሮ ካርታ ላይ ማሳየት ነው። አጭር ኮድ ጻፍኩና በጉግል ጂኦኮዲንግ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች አድራሻ ልከው የቦታውን ቁጥር የሚቀበሉበት አገልግሎት) አሳለፍኳቸው። የመጣውን ሁሉ ዳታቤዝ ውስጥ ከትቼ ነጥቦቹን በኦፕንስትሪትማፕ፣ በጎ ፈቃደኞች በሚሠሩት ክፍት ካርታ ላይ አወጣኋቸው። አምሮ ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ ባልደረባዬ ሠንጠረዡን አየና «እነዚህ ቁጥሮች ከየት መጡ?» አለኝ።

«ከጉግል።»

«ታዲያ እስካሁን እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ውሉን ያነበብኩት ያን ዕለት ማታ ነው። ለካ ሁለት ደንብ በአንዴ ጥሻለሁ። እኔን በሚመለከተው ውል፣ ከጂኦኮዲንጉ የተገኘ ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚቆየው ቢበዛ 30 ቀን ነው፤ ከዚያ ይሰረዛል። ያለ ጊዜ ገደብ እንዲቀመጥ የተፈቀደው የቦታው መለያ ኮድ ነው። ውጤቱን የጉግል ባልሆነ ካርታ ላይ ማሳየትም ክልክል ነው። እኔ ደግሞ «ከፍዬበታለሁ፣ የኔ ነው» ብዬ ተኝቻለሁ።

ሁሉንም ሰርዤ በኖሚናቲም እንደ አዲስ ጀመርኩ። ይህ የኦፕንስትሪትማፕን ዳታ የሚፈልግ ፕሮግራም ነው። ለሁሉም ክፍት የሆነው ሰርቨር በሰከንድ ከአንድ ጥያቄ በላይ አይፈቅድም። የኔ ሥራ የአንድ ጊዜ ስለነበር ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ብዙ መቶ ሺህ አድራሻ ያለው ሰው ግን የራሱን ሰርቨር ቢተክል ይሻለዋል። አንድ ነገር ደግሞ አስደነገጠኝ። የፍለጋ ሳጥኔ በእያንዳንዱ ፊደል ጥያቄ ይልክ ነበር፤ እዚያ ሰርቨር ላይ ይህ አይፈቀድም። በ«ፈልግ» ቁልፍ ተካሁት።

ከዚያ የፈቃዱ ጉዳይ መጣ። ኦፕንስትሪትማፕ ከ2012 ጀምሮ (በፈረንጆች) የሚጠቀመው ኦዲቢኤል የተባለውን ፈቃድ ነው። ምንጩን ካርታው ጥግ ላይ መጥቀስ ግዴታ ነው። ፋይሉን የሰጡኝ ሰዎች ግን የፈሩት ሌላ ነው፤ ፈቃዱ ከዳታው ተሠርቶ ለሕዝብ የሚቀርብ ዳታቤዝ በዚያው ፈቃድ ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል። «የደንበኞቻችንን ስልክ ሁሉ ይፋ አድርጉ ሊሉን ነው?» አሉኝ። የኦፕንስትሪትማፕ ፋውንዴሽን ስለ ጂኦኮዲንግ ያወጣውን መመሪያ አሳየኋቸው። ከውጤቱ ጎን የተቀመጠ የራስ መረጃ በዚህ ምክንያት ብቻ ይፋ አይሆንም። ነገሩ የሚለወጠው ውጤቶቹ ተሰብስበው ለማንኛውም አገልግሎት የሚውል የቦታ ዳታቤዝ ሲሆኑ ነው። እፎይ አሉ።

አሁን ሠንጠረዤ ላይ ሁለት አምድ ተጨምሯል፦ «ምንጭ» እና «ቀን»። ኖሚናቲም ያላገኛቸው 43 አድራሻዎች ነበሩ። ጉግል ካርታ ላይ ጠቅ አድርጌ ቁጥሩን ልቀዳ እጄ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። ባለቤቶቹን ደወልኩላቸውና በር ላይ ቆመው የስልካቸውን ጂፒኤስ አንብበው ላኩልኝ። ምንጭ፦ «ባለቤቱ»።